አምስት ቃል የተጻፈበት ችካል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ስለ ጠጠር፣ ስለ አስፋልትና ስለ ሲሚንቶ የሚያስፈልጉኝን ቃላት ሁሉ ሸምድጄ ነበር የሄድኩት። ከጭሮ ወደ ገለምሶ የሚወስደውን መንገድ የሚሠሩት ቻይናውያን ካምፓቸውን ከከተማው ወጣ ብሎ ሠርተው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቻይንኛ አዲስ አበባ ተምሬ አገሬ የተመለስኩ አስተርጓሚያቸው ሆንኩ። ሲሚንቶን ግን በዚያ ቀን የጠየቀኝ የለም። ዋናው ቀያሽ ሚስተር ሉ ወደ ምግብ ቤቱ በር ወሰዱኝ። በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ቀይ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። በቀኙ የተጻፈውን አንብቤ ለዘበኛው በአማርኛ እንድነግረው አዘዙኝ።

ነገርኩት። ስለ ቤቱ በረከት፣ ስለ እንግዳ ክብር፣ ስለ ምግብ ጥጋብ፣ አንድም አላስቀረሁ። ዘበኛው በትዕግሥት ሰማኝና የግራው ወረቀት ለነገ እንዲቆይለት ለመነኝ። ሚስተር ሉ አማርኛ አያውቁም፤ ርዝመት ግን ይሰማቸዋል።

«እዚያ ላይ ያለው አምስት ቃል ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትዪ ነበር?» አሉኝ።

እያብራራሁለት ነበር አልኳቸው። «ቀያሽ ከራሱ ሜትር አይጨምርም» ብለውኝ ወደ ምሳቸው ገቡ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። እኛ ዘንድ አጭር የሚናገር ሰው ወይ ኩሩ ነው ወይ አሞታል፤ ማን አምስት ቃል ብቻ ተናግሮ ይቀመጣል?

ሚስተር ሉ በዚህ መንገድ ሥራ ማብቂያ ጡረታ የሚወጡ ሰው ነበሩ። ቀን ቀን ባለ ሦስት እግሩን መለኪያ ተክለው መሬት ይለካሉ፤ በትርፍ ሰዓታቸው የጥንቱን የቻይና ግጥም ሕግ ጠብቀው ስንኝ ይገጥማሉ። ትምህርቱን የሰጡኝ ፒካፕ ውስጥ ነው። አንድ ስንኝ አምስት ቃል ወይም ሰባት ቃል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ ድምፅ ብቻ። ሁለቱ ስንኞች ፊት ለፊት ይቆማሉ፦ የተፈጥሮ ነገር ለተፈጥሮ ነገር፣ መልክ ለመልክ፣ ድርጊት ለድርጊት። ሾፌራችን ጀማል ይህን ስተረጉምለት፣ «ጥንድ በሬ ነዋ፤ አንዱ ካጠረ አያርስም» አለ። ሚስተር ሉ ይህን አባባል ወደዱለት።

ከዚያ በላይ ግን የድምፅ ነገር አለ። በቻይንኛ አንዳንዱ ቃል ሲነገር ድምፁ ዝርግ ነው፤ አንዳንዱ ይሰበራል። በመጀመሪያው ስንኝ ዝርግ በሆነበት ቦታ በሁለተኛው መሰበር አለበት፤ በተሰበረበትም መዘርጋት። ሚስተር ሉ ይህን በእጃቸው ነበር የሚያስተምሩኝ፦ ለዝርግ ቃል መዳፋቸውን ቀጥ ያደርጋሉ፣ ለሰባራው ወደ ታች ይጥላሉ። ጀማል መዳፉ በወረደ ቁጥር ቀስ በል የተባለ እየመሰለው ፍሬን ይይዛል። ያን ሰሞን ገለምሶ የምንደርሰው በአህያ የተነሱ ሰዎች ገበያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ነበር።

ስንኛቸውን የሚጽፉት ከተረፈ የችካል እንጨት ላይ ነው። ወረቀት እንደ ልብ ያስለፈልፋል፣ እንጨት ግን ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰውን ቁጥብ ያደርጋል ይሉ ነበር። አንድ ቃል ይጽፋሉ፣ በቢላዋ ይፍቃሉ፣ ሌላ ይጽፋሉ። አንድ ቀን ከእነዚህ እንጨቶች አንዱ ከእውነተኞቹ ችካሎች ጋር ተቀላቅሎ ተጫነ። የቀን ሠራተኞቹ ምን ያውቃሉ? ቻይንኛ የተጻፈበት ሹል እንጨት ሁሉ ችካል ነው። ወስደው ከሐጂ ኢብሮ የጫት እርከን መሃል መቱት።

ሐጂ ኢብሮ በዚያ ተራራ ላይ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። መንገዱ ከእርሻቸው በታች ያልፋል፣ ጫትዎን አይነካም ተብለው ተስማምተዋል። አሁን ግን ችካል እርሻቸው መሃል በቅሏል። ነቅለው በትከሻቸው ተሸከሙት፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ካምፑ ግቢ ደረሱ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ እንጨቱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ክሱ ወረዳ ከደረሰ ሚስተር ሉ በመጀመሪያው አውሮፕላን ይሸኛሉ፤ የዕድሜ ልክ ሥራቸው በጡረታቸው ዋዜማ በስንብት ያልቃል። ይህን በቻይንኛ ሲነግራቸው እኔም ቆሜ ሰማሁ።

ሐጂ እንጨቱን ፊቴ አቆሙት። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ይላል?»

መቼም ልማድ ክፉ ነው። ሐጂ፣ ይህ ግጥም ነው፣ ስለ አገርዎ ተራራ ግርማ፣ ስለ ደመናው መንከራተት፣ ስለ መንገዱ ጥቅም ይናገራል ብዬ ስቀጥል እጃቸውን አነሱ። እንዲህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ያ ሁሉ ወሬ ከየት እንደ ወጣ ጠየቁኝ። ምስክር ለየብቻ ነው የሚጠየቀው ብለው ከኩሽና የቻይናውን ወጥ ቤት አስጠሩ። ሰውየው በዱቄት እጁ መጥቶ አነበበና በቋንቋው ነገረኝ። ልተረጉም አፌን ስከፍት፣ «አሁንም አንቺው ነሽ፤ በእጁ ያሳየኝ» አሉ።

ወጥ ቤቱ ተራራውን ጠቆመ። እጁን ሽቅብ ሰቀለ። ደመናውን ጠቆመ። ግራ እንደገባው ሰው ቅንድቡን ሰቅሎ መዳፉን ዘረጋ። በመጨረሻ መንገዱን ጠቆመ።

«ተራራ ረጅም፣ ደመና መንገድ ይጠይቃል» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። በልክ አምስት። ወደ እኔ ዞረው ወጥ ቤቱ በአንድ እጁ የጨረሰውን እኔ በምላሴ እንዳልጨረስኩት አስታወሱኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ግን በዚህ አልለቀቁም። ስንኙ ግማሽ መሆኑን፣ ጥንድ የሚሆነው ስንኝ አልገኝ ማለቱን ከሚስተር ሉ ሲሰሙ፣ እርሻቸው ላይ ላጤ እንጨት አይቆምም አሉ። ጥንዱን ራሳቸው ያመጣሉ፤ ሚስተር ሉ ገጥሟል ካሉ ክሱ ይቀራል፣ ካልገጠመ ወደ ወረዳ ይሄዳሉ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አለው። ሽማግሌው ያሉትን ሁሉ ተቀብሎ መገላገል ነበር ሐሳቡ።

በማግስቱ እርሻቸው ድረስ ወጣን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጫት አጭር፣ ፍየል አጥር ይንቃል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ልቤ ዘለለ፤ ረጅም ለአጭር፣ ደመና ለፍየል፣ መንገድ ለአጥር፣ መጠየቅ ለመናቅ፣ ምን ይጎድለዋል? ቃል ሳልጨምር ተረጎምኩት። ሚስተር ሉ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ መዳፋቸው መውጣት መውረድ ጀመረ፤ ሳቃቸውም ቀስ በቀስ ጠፋ። የፍየል ድምፅ በቻይንኛ ዝርግ ነው፤ ቦታው ደግሞ ሰባራ ይፈልጋል። ይባስ ብሎ ለጫት ያላቸው ቃል ብቻውን ሦስት ድምፅ ይበላል፤ ለቀረው ሁሉ ሁለት ብቻ ይተርፋል። «አልገጠመም» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ በጆሮዬ፣ ተቀብለዋል ብለሽ ንገሪያቸው አለኝ።

እዚያ ተራራ ላይ አማርኛ የሚሰማ ቻይናዊ የለም፤ ቻይንኛ የሚሰማ ሽማግሌም የለም። በመሃል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሚስተር ሉን እንደ አባቴ እወዳቸዋለሁ፤ አንዲት ቃል ብጥል ይድናሉ። በምግብ ቤቱ በር በነበረው አምስት ቃል ላይ ያን ሁሉ የጨመርኩ ሰው አንዲት ቃል መለወጥ እንዴት ያቅተኛል? ግን አቃተኝ። ሰውየው ያንን እንጨት ስንት ጊዜ እንደፋቁት አይቻለሁ።

«አልገጠመም ብለዋል፣ ሐጂ» አልኩ። ምክንያቱንም እንዳሉት ነገርኳቸው።

ሐጂ ወደ ሚስተር ሉ ዞሩ። ከዚያ ይህ ሰው ክሱ ወረዳ ቢደርስ ምን እንደሚገጥመው ያውቅ እንደሆነ እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ጠየቅኳቸው። ሚስተር ሉ እንደሚባረሩ እንደሚያውቁ ተናገሩ፤ ያልገጠመውን ገጥሟል ካሉ ከዚያ በኋላ ችካላቸውን ማን ያምናል?

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ሽማግሌዎቹን ዞር ብለው አዩ። «ጫት ገበያም ላይ ውድ ነው፤ ግጥም ውስጥ ቢወደድ አይገርመኝም» አሉ። ቀጥለው ለሥራ አስኪያጁ፣ «ክሴን ትቼዋለሁ በይው። ለአንድ ፍየል ያልዋሸ ሰው፣ ወላሂ፣ እርሻዬን በውሸት አይለካም» አሉኝ።

ሥራ አስኪያጁ ትርጉሙን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሁለቴም ያው ነው።

ስንወርድ ሐጂ እስከ ወንዙ ሸኙን። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዮቹ ወጥተዋል፤ ተቀመጥን። ወሬው አላልቅ ሲል ሚስተር ሉ ሰዓታቸውን አዩ። ሐጂ አይፈረድብንም ለማለት እንዲያው እንደ ዋዛ፣ «ውሃ ሲያንስ ድንጋይ ሰው ያቆያል» አሉ። እኔ ደክሞኛል፤ የማብራራት አቅም የለኝም። ውሃ፣ ትንሽ፣ ድንጋይ፣ ያቆያል፣ ሰው፤ በዚያው ልክ አስተላለፍኩት።

ሚስተር ሉ ብድግ አሉ። መዳፋቸው ሦስት ጊዜ ወረደ፣ ሁለት ጊዜ ተዘረጋ። ውሃ ለተራራ፣ ድንጋይ ለደመና፣ ሰው ለመንገድ። ደግመው ሞከሩት፤ አሁንም ገጠመ። ማዶ መኪናው አጠገብ የቆመው ጀማል የሚወርደውን መዳፍ አይቶ፣ «ቆሜም ቀስ በል?» ብሎ ጮኸ። ሚስተር ሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሐጂ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ሚስተር ሉ መንገዱን ጨርሰው በክብር አገራቸው ገቡ። ሁለተኛውን ስንኝም ሌላ ችካል ላይ ጽፈውት ነበር፤ ሁለቱ እንጨቶች ዛሬም የሐጂ ኢብሮ ግቢ በር ግራና ቀኝ ላይ አሉ። እንግዳ ምን እንደሚሉ ሲጠይቃቸው ሐጂ አይናገሩም፤ ተራራውን፣ ደመናውን፣ መንገዱን፣ ከዚያ ወንዙንና ድንጋዩን በእጃቸው ያሳዩታል።

አሁን ለሥራው አዲስ የሆኑ አስተርጓሚዎች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህንን ነው፦ አምስት ከተባለ አምስት በሉ። ማብራሪያ የፈለገ ሰው ይጠይቃችኋል።