የፎርኪስ ልጅ ቴምቢሳ ሱቅ የገባች ቀን

ደረቁ ብርድ አልፎ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲመጣ የዚህ አገር እባብ ከጉድጓዱ ይወጣል። እኔ አደን ያደግኩበት ነው፣ ከአባቴ ጋር ቆላ ወርጄ ብዙ አይቻለሁ። የጆሃንስበርግን እባብ ያስተማረኝ ግን ኒኮ ነው፤ የዮቪል ሰፈር ጎረቤቴ፣ ግሪክ፣ ሽማግሌ። ቤት የገባ እባብ እየያዘ ሜዳ ይለቃል፣ እኔም አብሬው እዞር ነበር።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ባለው ቴምቢሳ ሰፈር፣ ባገሬ ልጅ በታደለች ሱቅ ደጃፍ ለስላሳ እየጠጣን ሳለ ታደለች ጮኸች። «ጋሼ! እባብ! ሩት ጓዳ ተኝታለች!»

ሩት ገና ዳዴ የምትል ልጇ ናት። ገባን። ወለሉ ላይ በፈሰሰው የበቆሎ ዱቄት ላይ ወፍራም መስመር ተጠማዟል፤ መስመሩም ወደ ጓዳው በር ይሄዳል።

«በኢየሱስ ስም! ሰይጣን ነው!» አለች ታደለች።

«ሰይጣን አይደለችም፣ የፎርኪስ ልጅ ናት» አለ ኒኮ፣ ከመኪናው ባልዲና ቆልማማ ብረት ይዞ።

ፎርኪስ በግሪኮች ተረት የጥንት የባሕር አምላክ ነው። ልጆቹ ጉድ ናቸው፤ አንዱ የወርቅ ፍሬ የሚጠብቅ ዘንዶ፣ አንዷ ፀጉሯ እባብ፣ ዓይኗን ያየ ድንጋይ የሚሆንባት። የገደላት ጎበዝ በጋሻው ላይ ምስሏን እያየ ነው የቀረባት። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ሌላ አምላክ አላውቅም፤ ተረቱን ግን እወደዋለሁ።

እባቧ ጓዳው በር አጠገብ ካለው የዱቄት ከረጢት ኋላ ብድግ አለች። ሪንካልስ ናት፣ ዓይን ላይ መርዝ የምትተፋው። አንገቷን ዘረጋች፤ እንዴት ታምራለች!

«ዙር፣ ማዳላ! በመስታወት እያት!» ኒኮ ባገሬው ቋንቋ «ሽማግሌው» ማለቱ ነው። ብረቱን አቀብሎኝ ከመደርደሪያው መስታወት ወረወረልኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ምስሏን እያየሁ ብረቱን ሰደድኩ። ተፋች፤ መርዙ መስታወቱ ላይ ወረደ። ብረቱ ሲነካት ተገለበጠች፤ ሆዷ ወደ ላይ፣ አፏ ክፍት።

«ሞተች» ብዬ ዞሬ እጄን ዘረጋሁ። በኛ አገር እንዲህ የወደቀ እባብ በቃ ሬሳ ነው።

«እጅህን!» አለ ኒኮ። ስስበው እሷም ተወረወረች፤ የያዘችው እጅጌዬን ነበር። ኒኮ ብረቱን ከእጄ ነጥቆ አላቀቃትና ባልዲ ውስጥ ከተታት። ታደለች በላያችን ዘላ ገባች፣ ሩትን እንደተኛች ታቅፋ ወጣች።

ሜዳ ወስደን ሸምበቆ ዳር ስንለቃት አሁንም ሬሳ መሰለች። ራቅ ስንል ቀና ብላ አየችን፣ ሄደች። ኒኮ ባርኔጣውን አወለቀላት።

አሁን በር ላይ የወደቀ ገመድ በዱላ ስነካካ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ። እኔ አሥሩም ጣቶቼ አሉኝ።