የተከራያችን አገር

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ ማግስት፣ አምቦ ያለው ቤታችን ጓሮ ያለችውን ክፍል ለአንዲት አሜሪካዊት አከራየን። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች፤ በዕድሜ ከልጆቻችን ታንሳለች። ልጆቻችን ከቤት ከወጡ ስለቆዩ፣ የእሷ መኖር ለእኔ የኪራይ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ችግሩ ሬዲዮው ነው። ባለቤቴ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ሆኖ ዜና ይሰማና፣ እንዳለቀ አገሯን መውቀስ ይጀምራል። እዚያ ጦር ላከች፣ እዚህ እርዳታ ከለከለች፣ ሌላ ቦታ ደግሞ አይታ ዝም አለች። ልጅቷ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ታዳምጠዋለች። እኔ አንድ ቀን ሻንጣዋን ታነሳለች እያልኩ እሰጋ ነበር።

አንድ ቀን ደብተሩን ዘጋችው።

«አባባ፣ ዓለም ላይ ያለው የእኔ አገር ብቻ ነው? ስለ ስዊድን ለምን አይናገሩም?»

«ስዊድን ትደርስልኛለች ብሎ ማን ይጠብቃል፣ ኢንታላ ኮ?» አላት፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው። «የእድራችን ድንኳን የሚቀመጠው ባለወፍጮው ቤት ነው። ለቅሶ ላይ እኔ ብቀር ማንም ልብ አይለኝም። እሱ ከዘገየ ግን ለቀስተኛውን ሁሉ ዝናብ ይመታዋል። ቀድሞ ሲመጣ ደግሞ ‹የት እንደምንተክል ሊያዘን ነው› ብለን እናማዋለን።»

«ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ይምጣ። እየታማም ቢሆን ይምጣ።»

«ድንኳኑ እርስዎ ቤት ቢቀመጥስ?»

«ያኔ የምታሚኝ አንቺ ትሆኛለሽ!»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሻንጣዋ መስጋት ተውኩ። ዜናው ሊያልቅ ሲል ወንበሯን ራሷ ታቀርብ ነበር።

የሄደችው በእሱ ወቀሳ አይደለም። ከተማው ሰላም አጥቶ መንገዱ ሲዘጋጋ አገሯ ጠራቻት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ወጣች። ባለቤቴ ያን ዕለት ዜናውን እስከ መጨረሻው አልሰማም። ሬዲዮውን ዘጋና፣ «የራሳቸውን ሰው ለመውሰድ ሲሆን አይዘገዩም» አለ።

እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ልጅቷ የእኛን ፋሲካ እየቆጠረች ትደውላለች። ዘንድሮ አማርኛዋ ተሰባብሯል።

«እማማ፣ አባባ ቢኖሩ ዘንድሮ አገሬን ምን ይሏት ነበር?» አለችኝ።

እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ በዚያ በረንዳ ላይም አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሬዲዮውን ግን አሁንም በሰዓቱ እከፍታለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ዘንድሮ ካቋረጠችው እርዳታ ጀምሬ፣ እሱ እንደሚያደርገው፣ አገሯን አንድ በአንድ ወቀስኩ። አላቋረጠችኝም።

ዝም ስል፣ «ይቀጥሉ» አለችኝ።