የሰርግ ካርዷ አበባ

ዛሬ ከሮቢት የመጡ አንድ የሙሽራ አባት የሠራሁትን የሰርግ ካርድ ገና ሲያዩት «ያ አላህ! ይቺ እኮ አቀንጭራ ናት!» ብለው ጮኹብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሰይድ ቆቦ ባለው ፎቶ ቤታቸው ሊቀጥሩኝ አስበው መሞከሪያ ሰጡኝ፤ ለእኒሁ አባት ልጅ ሰርግ የሚሆን አበባ ያለበት ካርድ።

ትናንት ማሽላ ማሳ ውስጥ አንዲት ሐምራዊ አበባ አገኘሁና ስልኬን አስጠግቼ ፎቶ አነሳኋት። በጣም ስለተጠጋኋት ብዥ አለችብኝ።

ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ጀርባዋን አጨለምኩ፣ ጠርዟን ቀስ እያልኩ አጠራሁ። የአበባዋ ቅጠሎች አንድ በአንድ ፍንትው አሉ! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

አባትየው ግን «ማሽላዬን የጨረሰች አረም በልጄ ሰርግ ትለጥፊብኛለሽ?» አሉኝ።

(ቆቦ ተወልጄ አቀንጭራን አላወቅኩም። ዲግሪዬ አካውንቲንግ ነው፣ አትፍረዱብኝ።)

ሥራው አለቀለት ብዬ ቦርሳዬን ሳነሳ ጋሽ ሰይድ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«ብዥ እንዳለች ብትተያት ማን ያውቃት ነበር? አጥርተሽ ነው ያጋለጥሻት! ሰኞ ሥራ ጀምሪ። አሁን ሂጂና ለእኒህ አባት ጽጌረዳ አንሺላቸው።»

ተቀጠርኩ ጎበዝ! ያውም በአረም!

እናንተስ ምን አበላሽታችሁ ነው ሥራ ያገኛችሁት? በእኔ ብቻ አትሳቁ፣ ጻፉልኝ።