እግር ያወጣው ድስት

ዛሬ ግንቦት አንድ ነው። ጠዋት ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ እናቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ቡራዩ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ መንገድ ዳር ጉልቻ ላይ የተጣደ ትልቅ ድስት ነው፤ ከውጭ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ንፍሮው ይንተከተካል። ከሥሩ «ዘንድሮም ልደታን አከበርን፤ አንቺ ብቻ ጎደልሽ» ብላ ጽፋለች። ብቻዬን ስስቅ የዶርም ጓደኞቼ አዩኝና ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁ። ለእነሱ ያወራሁትን እዚህ ልጻፈው።

ድስቱ የአዴ ጫልቱ ነው። አዴ ጫልቱ ጎረቤታችንና የጓደኛዬ የሌንሳ እናት ናቸው። ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው። በየዓመቱ ግንቦት አንድ ቀን የማርያምን ልደት ስናከብር ከየቤቱ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ይዋጣል፤ ከደጅ እሳት ይነድዳል፤ ንፍሮው በአዴ ጫልቱ ድስት ይቀቀላል። በየቤታችን ሰፈሩን ሁሉ የሚያበላ ሌላ ድስት አልነበረንም። ይህ ነገር እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ አንድም ቀን ገርሞኝ አያውቅም።

አሥረኛ ክፍል ግን ሰንበት ትምህርት ቤት በጣም የበረታሁበት ዓመት ነበር። ጥቅስ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ ስለ እመቤታችን በቀይ፣ ስለ ድኅነት በሰማያዊ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ደብተሬን አወጣና ሌንሳን እሞግታታለሁ። እሷም አትተኛልኝም። ማርያም የኢየሱስ እናት ናት፣ አከብራታለሁ፣ ወላዲተ አምላክ የሚለው ግን ከአፌ አይወጣልኝም ትላለች። የወለደችው አምላክ ከሆነ ሌላ ምን ተብላ ልትጠራ ነው እላለሁ እኔ። ይሄን ሳንጨርስ ወደ ድኅነት እንሻገራለን። ሌንሳ ድኛለሁ ትላለች፤ ዛሬ ብትሞት የት እንደምትሄድ ታውቃለች። እኔ ደግሞ ሰው እስከ መጨረሻ እስትንፋሱ እየተጋደለ ተስፋ ያደርጋል እንጂ እንዴት አውቃለሁ ይላል ብዬ እናደዳለሁ። ባለባጃጁ አንድ ቀን «እናንተ ልጆች፣ ተስማምታችሁ ስትወርዱ ሳላይ ጎማዬ ሊያልቅ ነው» አለን።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ እነሌንሳ ቤት ነበርኩ። አዴ ጫልቱ ጭኮ ሠርተዋል፤ ገብሱ በቅቤ ርሶ፣ ቅመሙ ገና ከበር ያውዳል። እየበላን ክርክሩ ተነሣ። ሌንሳ ረታችኝ። መሸነፉ አንገበገበኝና «ወላዲተ አምላክን በማያከብር ቤት በረከት አያድርም» አልኩ። ይህን ስል ጭኮው አፌ ውስጥ ነበር።

ሌንሳ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አዴ ጫልቱ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብዪ» አሉኝ።  በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌንሳ አኮረፈችኝ። በየፊናችን ባጃጅ እንሳፈር ጀመር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ልጠይቃት በራቸው ድረስ እሄድና እመለሳለሁ።

የልደታ ዋዜማ ደረሰ። እህሉ በየባልዲው ተዘፍዝፏል። እናቴ ምንም አታውቅምና «ሂጂ፣ ድስቱን አምጪ» አለችኝ።  አዴ ጫልቱ እምቢ ካሉ ሰፈሩ ያለ ንፍሮ ይውላል፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ሰው ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ እድር ቤት ሮጥኩ፤ ድስቶቹ በሙሉ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ከአንዲት ጎረቤት ሁለት ትንንሽ ድስት ለምኜ ይዤ ብመጣ እናቴ አይታ «ይሄ ለማን ሊበቃ ነው፣ ለድመቷ?» አለችኝ።

ምርጫ አልነበረኝም። እነሌንሳ ግቢ ስገባ ድስቱ ታጥቦ ደጃፉ ላይ ተደፍቷል። እኔ በየቤቱ ድስት ስለምን እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ አዘጋጅተው ይጠብቁኝ ነበር።

«አዴ ጫልቱ፣ ያን ቀን ስለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

«እኔ እናት ነኝ፣ ስንቱን ሰምቻለሁ። ያለቀሰችው እሷ ናት፤ ለእሷ ንገሪያት» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «ሌንሳ፣ ኮቱ፣ ነይ። ድስቱን ያዢላት፣ ለአንድ ሰው አይሆንም» ብለው ጠሯት።

ሌንሳ መጣች። እሷ አንዱን ጆሮ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ቁልቁል ጀመርን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በአንድ በኩል የቆርቆሮ አጥር፣ በሌላው ቦይ። አንተያይም። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ ድንገት ወረደ፤ መጠለያ የለም። ሌንሳ ድስቱን ገልብጣ ወደ ራሷ አነሣችው። እኔም ሥሩ ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ዝናቡ ከላይ ይደበድባል። የሚታየን አራት እግራችን ብቻ ነበር።

«ይቅርታ» አልኩ። ድምፄ ድስቱን ዞሮ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

«አልሰማሁም፣ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«በረከት የሌለውን ጭኮ ግን ሦስቴ አስጨምረሻል» አለች።

«ሁለቴ ነው።»

«ሦስቴ። ቆጥሬያለሁ።»

በዚህ መሀል እግሬ ተንሸራተተና ቦዩ አፋፍ ላይ ተንገዳገድን። «አሁን እዚህ ገብተን ብንሞት፣ አሁንም እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«እርግጠኛ ነኝ። አንቺስ?»

«እኔ ተስፋ አደርጋለሁ።»

«እንግዲያው አንቺ ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

ሳቃችን መጣ። በሳቅ ስንንፈራፈር ድስቱ አናት አናታችንን ይለናል። እንዲያው እየሳቅን ደረስን። ደጅ ላስቲክ ሲወጥሩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ አማተበችና «በስመ አብ፣ ድስቱ እግር አወጣ» አለች። ስንወጣ ፊታችን ላይ የአሥር ጣታችን ጥላሸት ታትሟል።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ሴቶቹ ለእመቤታችን ሲዘምሩ አዴ ጫልቱ አልዘመሩም፤ ማማሰያውን ይዘው ንፍሮውን ያማስሉ ነበር። እናቴ «ወላዲተ አምላክ ውለታሽን ትክፈልሽ» አለቻቸው። እሳቸው «አንቺንም ጌታ ይባርክሽ» አሉ። ሁለቱም አሜን ተባባሉ። እኔና ሌንሳ ተያየን፤ ደብተሬን ለማምጣት ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ክርክራችን ዛሬም አላለቀም። እኔ ያመንኩትን አምናለሁ፣ እሷም አንድ እርምጃ አልተነቃነቀችም። ነገሩ ሲግል ግን ያ ጭኮ አፌ ላይ ይመጣብኛል፤ እውጠውና ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

የዛሬውን ፎቶ አስፍቼ ሳየው የድስቱን አንድ ጆሮ በጨርቅ የያዘ እጅ አየሁ፤ የሌንሳን ሰዓት አወቅሁት። ሰበታ ኮሌጅ ነው የምትማረው፤ ለበዓሉ መጥታ ነው። ሌላውን ጆሮ ታናሽ ወንድሜ ይዟል። ወዲያው ጻፍኩላት፦ «አሁንም እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» ብላ መለሰች። «ወንድምሽ ግን እንዳንቺ ተስፋ የሚያደርግ ነው መሰለኝ፤ በጣም ቀስ ይላል።»