ዜሮ ደቂቃ የጻፍኩለት ተጫዋች

ጉልበቱን የተጎዳውን ተጫዋች እንውሰደው ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አልፈለገችም ነበር።

ተጫዋቹ በእውነት የለም። እናት የለውም፣ አገር የለውም፤ በልጄ ስልክ ውስጥ ያለ ስምና ቁጥር ነው። እንዲያም ሆኖ ሦስት ወር ሙሉ ስለሱ ተጨንቄያለሁ። መጨነቅ ልማዴ ነው። ባለቤቴ «አንቺ የራስሽ ጭንቀት ሲያልቅብሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ» ይለኛል።

ልጄ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሰው ጥላ ፈልጎ ሲቀመጥ እሷና ጓደኞቿ ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ይሮጣሉ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ዓመት፣ ከአጣዬ ከመጡ ልጆች ጋር ሲጫወቱ፣ ዘላ ስትወርድ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። እኔ አላየሁም፤ ገበያ ሽንኩርቴን እየሸጥኩ ነበር። ሁለት ጓደኞቿን ተደግፋ በአንድ እግሯ እየነጠረች ስትመጣ ያየኋትን ግን እስካሁን አልረሳሁም። ፊቷ ላይ ላብ እንጂ እንባ አልነበረም። እንባው የኔ ነበር።

ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን አሳከምናት። ወራት አልፈው ለመጨረሻ ጊዜ ስንሄድ ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገረኝ። «ትጠንቀቅ» አለኝ፤ «ትንቀሳቀስ» አለኝ። እኔ ቆላ ይዤ የወረድኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ጥዬው ሳልመጣ አልቀረሁም።

ከዚያ በኋላ ልጄን እንደ እንቁላል ያዝኳት። ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ ያለችበት ድረስ በጆግ አመጣላታለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትሰግድ አደረግሁ። ሱቅ መሄድ ካማራት ባጃጅ እጠራለሁ፤ ሱቁ ከቤታችን ሦስተኛው በር ነው። ባጃጅ ነጂው «እትዬ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እኮ ደረስን» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

የስፖርት መምህሯ ቤታችን የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ልጄ ጓዳ ተኝታ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ታናናሾቹን ሴት ልጆች የሚያሰለጥንልኝ ሰው አጣሁ። እሷ ብትመጣልኝ ምን ይመስልዎታል? አትሮጥም፤ ቆማ ታሳያቸዋለች» አለኝ። «ገና አልዳነችም» አልኩት። ከወር በኋላ ደግሞ መጣ። ያንኑ መለስኩለት። መምጣቱን ለልጄ አልነገርኳትም። ብነግራት እሄዳለሁ እንደምትል አውቃለሁ፤ ከሄደች ደግሞ ቆማ ብቻ እንደማታሳይ አውቃለሁ። የወለድኳት እኔ ነኝ።

ቤት መዋሉ ሲበዛባት ስልኳ ላይ አቀርቅራ መዋል ጀመረች። አንዳንዴ ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ አንዳንዴ ፊቷ ይጠቁራል። ቁማር መሰለኝ። ቁማር ሐራም ነው፤ ደግሞ በስልክ ቁማር ስለሚጠፉ ልጆች ገበያ ላይ ሲወራ እሰማለሁ። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ልጄ፣ ስንት ተበላሽ?» አልኳት።

«ምን ተበላሁ?»

«እዚያ ስልክሽ ላይ።»

«ወላሂ ቁማር አይደለም እማ። ሳንቲም የለበትም።»

«ለባዶ ነገር ነው እንግዲህ ፊትሽ እንዲህ የሚጠቁረው?»

«ተሸንፌ ነው» አለችኝ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። አስራ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሐዋሳ ነው፣ አንዷ ባሕር ዳር ናት፣ የማይተዋወቁ። እያንዳንዳቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን ይመራሉ። ተጫዋቾቹን የፈጠራቸው ኮምፒውተር ነው፤ ውድድሩንም እሱ ራሱ ያጫውታቸዋል። የነሱ አንድ ዓመት የኛ ሦስት ወር ነው። ልጄ ቡድኗን «ቆለኞቹ» ብላዋለች። ዓመቱ ሲያልቅ ውላቸው ያበቃ ተጫዋቾች ዝርዝር ይወጣል፤ ነጻ ናቸው፣ የፈለገ ይወስዳቸዋል።

«ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው» አለች። «ሲመርጡ ከተሳሳቱ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፉ መዋል ነው።»

«መምረጥማ የኔ ሥራ ነው» አልኳት።

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር እኔ ለካራቆሬ ነጋዴዎች የሚጫነውን ሽንኩርት እለያለሁ፣ እሷ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ታነብልኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ በስልኩ ላይ ያለውን የፈረንጅ ፊደል አላውቀውም። ቁጥር ግን የትም ቁጥር ነው።

«ይሄኛው ብዙ ያገባል። ሁሉም እየተሻሙበት ነው» አለች።

«ስንት ቡድን ቀያይሯል?»

«በአምስት ዓመት አራት።»

«ተይው። አንገተ ወፍራም ነው።»

«ምኑ?»

ከክምሩ አንድ ሽንኩርት አንስቼ አሳየኋት። ትልቅ ነው፣ ቅላቱ ያበራል፤ አንገቱ ግን ወፍራምና እርጥብ ነው። «አየሽ፣ ከሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። አንገቱ ስላልደረቀ ግን አይቆይም። ከውስጥ ይበሰብስና አጠገቡ ያሉትንም ያበላሻቸዋል።»

ሳቀች። እግሯን ከተጎዳች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም። ሳቋን እንዳላቋርጥ ብዬ ሽንኩርቱን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆየሁ።

ዝርዝሩ ታች ሲደርስ ከአንዱ ስም አጠገብ ቀይ ምልክት አየሁ።

«ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ጉዳት ነው።»

«የቱ ጋ?»

«ጉልበቱን።» ጣቷን አንስታ ልታልፈው ስትል «ቆይ» አልኳት። ዕድሜው ሃያ አራት፣ ችሎታው ከመቶ ሰባ አንድ። የጠየቀው ቡድን የለም።

«እንውሰደው» አልኩ።

«ለምን?»

«ማንም አልወሰደውማ።»

«እማ፣ እሱ ምክንያት አይደለም። ያልወሰዱት በምክንያት ነው። ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ምን ያደርጋል?»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትዪው?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ልጄ በርጩማው ላይ የተዘረጋውን እግሯን አየችው፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «እሺ» አለች። «ያንቺ ሰው ነው እንግዲህ። ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍም አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

ለእያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ የሚጻፍበት ቦታ አለ። «ዜሮ ጻፊለት» አልኳት። «ይረፍ።»

ባለቤቴ ከመስኖው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ ነገርነው። «ሳይሠራ ውሎ ደሞዝ የሚበላ?» አለ። «እኔንስ እዚያ ቡድን ውስጥ የምታስገቡኝ መቼ ነው?»

ውድድሩ ተጀመረ። ገበያ ደርሼ ስመለስ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰውዬዬ እንዴት ዋለ?» ብዬ ነው። «ተቀምጧል» ትለኛለች። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ «እማ፣ ቀዩ ምልክት ጠፍቷል። ድኗል» አለችኝ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ። «ደቂቃ ልጻፍለት?» አለች። «ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ» አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደግሜ ይቆይ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

በመካከሉ አንድ ነገር አየሁ። የሚዛኑን ድንጋይ ረስቼ ስለነበር እኩለ ቀን፣ በዙህር ሶላት ሰዓት፣ ሳልጠበቅ ቤት ተመለስኩ። የበሩ መጋረጃ ገለጥ ብሏል። የምትሰግድበት ወንበር ግድግዳው ጥግ ቆሟል፤ ልጄ ግን መስገጃዋ ላይ ሱጁድ ወርዳለች። ግንባሯ መሬት ነክቷል፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ከሥሯ ታጥፈዋል። ተነሳች፣ ቆመች፣ እንደገና ወረደች። ምንም ሳትይዝ ነው የምትነሳው። ሶላቷን እስክትጨርስ ውጭ ቆየሁና ሳል አሰማሁ። ስገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ቶሎ መጣሽ» አለችኝ።

«ድንጋይ ረስቼ ነው።»

ልጄ የደበቀችኝ ሕመሟን ሳይሆን መዳኗን ነው። እንዳልደነግጥ ብላ ነው የደበቀችኝ። ይህን ያኔ በደንብ አላሰብኩትም። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እንዳያብጥባት ብዬ ፈራሁና ያን ቀን ከሰዓት ጉልበቷን በሰሊጥ ዘይት አሸሁላት። እግሯን ዘርግታ ታሸችልኝ።

ዓመታቸው አለቀ። ያ አንገተ ወፍራም ያልኩት ተጫዋች የሐዋሳው ልጅ ቡድን ገብቶ ኖሮ ዋንጫውን ይዞ ወጣ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሽንኩርትሽ ዋንጫ ወሰደ» አለኝ። አሁንም ገበያ መሃል ድንገት ትዝ ሲለው ይለኛል።

ከኒሙ ሥር ተቀምጠን አዲሱን ዝርዝር ስታወርድ ሰውዬዬን አየሁት። የአንድ ዓመት ውሉ አልቆ ከነጻዎቹ መሃል ተመልሷል። ከስሙ አጠገብ ስልሳ ሦስት ይላል።

«ሰባ አንድ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ምን ሆነ? ድኗል አላልሽኝም?»

«ድኗል።»

«ታዲያ ለምን ወረደ?»

ልጄ ከክምሩ አንድ ሽንኩርት አንስታ ልጣጩን በጥፍሯ ትፈቀፍቅ ጀመር።

«አልተሰለፈማ» አለች። «እዚህ ውድድር ላይ ያልተጫወተ ይቀንሳል። ጉዳቱ አይደለም የጣለው፤ መቀመጡ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምልክቱ ጠፍቷል ብዬሽ ነበር እኮ እማ። ሁለት ጊዜ ልጻፍለት ብዬሽ ነበር።»

አዎ፣ ብላኝ ነበር። ሐኪሙም ብሎኝ ነበር። ስልሳ ሦስት የሚለውን ቁጥር ሳየው ቆየሁ። ለዚያ ለሌለ ሰው ክፉ አስቤ አላውቅም። ከማንም ቡድን መሪ ይልቅ የምሳሳለት እኔ ነበርኩ።

«መምህርሽ መጥቶ ነበር» አልኳት።

ቀና አለች። «የቱ መምህር?»

«የስፖርቱ። ትናንሾቹን እንድታሰለጥኚለት። አልዳነችም ብዬ መለስኩት።»

«መቼ?»

«ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ነው የመጣው።»

ስልኳን አስቀመጠች። ቁጣ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነስታ እስከ አጥሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። አረማመዷ ላይ ማነከስ አልነበረም። ስንት ጊዜ ከፊቴ ስትሄድ ለኔ ስትል አንክሳ ይሆን ብዬ አሰብኩ። እጄ ሽንኩርቱን መለየቱን ቀጥሏል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ እየጣልኩ ነበር።

ተመልሳ መጣችና ቆማ «ነገ ከአስር ሶላት በኋላ እሄዳለሁ» አለች። «ሰው አግኝቶ ከሆነም ልጠይቀው። ባጃጅ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«ከኋላዬም እንዳትመጪ።»

ይህን ሳልናገረው እንዴት እንዳወቀችብኝ እንጃ። «እሺ» አልኳት ደግሜ።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ስልኳን ይዛ መጣች። ሶላቱን መስገጃው ላይ፣ ከፊቴ ነው የሰገደችው። «ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል» አለች። «ሰውዬሽን ማንም አልጠየቀውም። እንደገና እንውሰደው ወይስ ይቅር?»

«ውሰጂው።»

«ማንም ስላልወሰደው?»

«አይደለም። ሰባ አንድ ስለነበረ።»

ፈገግ አለች። «ስንት ደቂቃ ልጻፍለት?»

«አምስት።»

«እማ።»

«እሺ አስር።»

«በአስር ደቂቃማ ላቡም አይመጣ። ሠላሳ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ገበያ ነው ያረጀሁት። አስራ አምስት።»

«ሃያ አምስት።»

«ሃያ» አልኩ። «ደከመኝ ካለ ግን ይውጣ።»

«ኮምፒውተሩ ደከመኝ አይልም።»

«አንቺ ግን በይ» አልኳት።

ሃያ ጻፈችና ስልኩን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ያንን አቧራ የጠጣ የሜዳ ጫማዋን አመጣች። አጎንብሼ ላስርላት ከወንበሬ ተነስቼ ነበር፤ እሷ ግን የታመመ ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ በርከክ አለች። ክሩን ቀስ ብላ ሳበችው፣ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው፣ ወደ ሌላኛው እግር ዞረች። መልሼ ተቀመጥኩ። እጄ ወደሷ እንዳይሄድ ሽንኩርቱ ክምር ውስጥ እስከ ክንዴ ከትቼ፣ አስራ ጨርሳ እስክትነሳ ድረስ እዚያው አቆየሁት።