አባቴ የሚሳለሙበት ዳገት

አባቴ የብልባላ እርሻቸውን ትተው ላሊበላ እኔ ዘንድ ከገቡ ወዲህ፣ ወደ ገበያ በሚወጣው ዳገት ላይ እየቆሙ መሳለም አበዙ። ዘንጋቸውን ይተክላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው ያማትባሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። እዚህ ከተማ ሰው የትም ቢቆም የሚሳለመው ቤተ ክርስቲያን አያጣም፤ ስለዚህ ለምን ቆሙ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤቶቼ "አባትሽ እኮ ጸሎተኛ ናቸው" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም እኮራ ነበር።

መጀመሪያ ዳገቱ ወገብ ላይ አንዴ ነበር የሚቆሙት። እያደር ግን ከደጃችን እስከ ጎረቤት አጥር እንኳ ሳይሳለሙ መድረስ አቃታቸው። ስኳር እንዳለባቸው እናውቃለን። ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ሻያቸውን ባዶውን ይጠጣሉ፤ በሽታው ያለው ሻዩ ውስጥ ብቻ ይመስለን ነበር። እግራቸው ሲቀዘቅዝ የላስታ ብርድ ነው ብለን ወፍራም ካልሲ ደረብንላቸው። አውራ ጣታቸው የጠቆረው እዚያ ካልሲ ውስጥ ነው።

ጤና ጣቢያው በጋሸና በኩል ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከን። ሐኪሙ የእግራቸውን ጀርባ በጣቶቹ ተጭኖ ቆየ፤ ቦታ ቀይሮ እንደገና ተጫነ። የሚመታ የደም ሥር አጣ። ስኳሩ የደም ሥሮቻቸውን ከውስጥ ሲያስቆጣ ኖሯል፤ ግድግዳቸው ፀሐይ እንደመታው የውሃ ጎማ ድርቅ ብሏል፣ ጠቧል አለኝ። ሌላኛው እግርም ከዚህ እንደማያመልጥ አልደበቀኝም። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ።

"አባ፣ ሲሄዱ ባትዎን ጭምድድ አድርጎ ይይዝዎታል?"

አባቴ ወደ እኔ አላዩም። "ይይዘኛል" አሉ። "ስቆም ይተወኛል።"

ያኔ ገባኝ፤ ተናደድኩ። ዕድሜውን ሙሉ ከበሬ ኋላ የሄደ ሰው ዳገት አቃተኝ ማለት ያፍራል። የሚሳለምን ሰው ግን ማን ደከመህ ይለዋል?

ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከተመለስን በኋላ አንድ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ዳገቱን እየገፋሁ ስወስዳቸው፣ የለመዱት ቦታ ስንደርስ ቆምኩ።

"ምነው ቆምሽ?"

"እንዲሳለሙ ብዬ ነው።"

"እዚህስ ተሳልሜም አላውቅ፣ ልጄ። አፌ ባዶውን ነበር። እግሬ እስኪተወኝ ነበር የምጠብቀው።" ፈጣሪን ማታለላቸው ከእግራቸው በላይ እንዳመማቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

ከዚያ ጋቢያቸውን ስበው የቀረችውን እግራቸውን ሸፈኑ። "ይቺኛዋም በርዷታል መሰል" አሉ።

ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኳት። ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግራቸው ቀዝቅዟል።