በየበራችን የጠቀለልነው ቀይ ክር

ባሌ ከጭንቅላቱ እግሩ ይበልጣል እላለሁ ሁሌ። ስድብ አይደለም። ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ እቤታችን ጓሮ፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እጁ መወርወሪያውን ሲወረውር እግሩ ከሥር እንጨቶቹን ይረግጣል፤ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ። ሰው ጥለቱን አይቶ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። ሥራውን የሚሠራው እግሩ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ጭቅጭቅ ስጀምርበት እንኳ እጁ ይቆማል እንጂ እግሩ አይቆምም። በቃ፣ ከተጋባን ጀምሮ በዚያ ድምፅ ነው የኖርኩት፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ።

ያንን እግር ነው እንግዲህ መኪና የገጨብኝ።

ጠዋት ነው። ለሰርግ የታዘዘ ቀሚስ ይዞ ነበርና ቀይ የጥለት ክር ጎደለው። «ቁርስህን ብላና ሂድ» ስለው «ስመለስ» ብሎኝ ወጣ። ክሩን ገዝቶ፣ ልቃቂቱን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ መንገዱን ሲሻገር አንዲት ነጭ የቤት መኪና ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል ስትከንፍ መጣችና ገጨችው። ቆም አለች አሉ፣ ትንሽ። ከዚያ በኛ በር በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ታጥፋ እብስ አለች!

ስትሄድ ግን ባዶዋን አልሄደችም። ፌስታሉ ተቀዶ የክሩ ጫፍ ከሥሯ የሆነ ብረት ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ፣ ልቃቂቱ እየተተረተረ ተከተላት።

ጩኸት ሰምቼ ስወጣ የኔ ሽማግሌ አስፋልት ላይ ቁጭ ብሏል። ግራ እግሩ የሌላ ሰው እግር መስሎ ዞሯል።

«ምን ሆንክ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምንም። ክሩን ሰብስቢልኝ፣ ሳይቆሽሽ።»

የሸማኔ ሰፈር ነው የኛ። ክር መሬት ወድቆ ያየ ሰው ልጅ የወደቀ ያህል ነው የሚደነግጠው። ለሱ ታክሲ ሲፈለግ እኛ ክሩን መጠቅለል ያዝን። እኔ ከአስፋልቱ እስከ በሬ። ጎረቤቴ ከኔ በር እስከሷ በር። ባለ ሱቋ ከዚያ እስከ ሱቋ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ መጨረሻውን ጎሚስታ ቤቱ ጋ ያለው ጎማ ሠሪ ይዞት መጣ። ክሩ በየቦታው ተበጥሶ ስለነበር እያንዳንዳችን ከጎረቤታችን ጋር ቋጠርነው። ከጎማ ሠሪው ጫፍ ጀምረን ስንጠቀልለው ድንቡሽቡሽ ያለ ልቃቂት ሆነ! ደረቴ ውስጥ ከትቼው ከባሌ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ።

እዚያ ኮሪደር ላይ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መጣች። የልጅ ልጄን የምታክል፣ ግን ፊቷ ኮስተር ያለ።

«እማማ፣ መኪናው በየት በኩል ሄደ?»

«በኛ በር ነው መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ እንጃ።»

«ምንም ምልክት አልቀረም? ስባሪ መስታወት፣ ቀለም?»

«ክር ነበር።»

«የታለ?»

ኮራ ብዬ ከደረቴ አወጣሁላት። «ይኸው፣ ጠቅልለነዋል!»

ልቃቂቱን አየች፣ እኔን አየች። «እማማ፣ መኪናው የሄደበትን መንገድ እኮ ነው ጠቅልለው ደረትዎ ውስጥ የከተቱት።»

«እንዳይቆሽሽ ብለን ነው፣ የኔ እናት።»

ሳቋን ዋጠችና ወደ አልጋው ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ገጨዎት?»

ባሌ ጣራ ጣራውን እያየ «ማንም አልገጨኝም። አንሸራቶኝ ወደቅኩ» አላት።

ለሐኪሙም ያንኑ ብሎት ኖሯል። እንዲያውም ካርዱ ላይ ተጽፎለታል።

ሐኪሙ ኋላ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ብረት ካልገባለት ቆሞ ቢሄድ እንኳ በዚያ እግር መርገጥ አይችልም። ለብረቱና ለቀዶ ጥገናው ደግሞ እኛ አቅም የለንም። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ «ገጪው ጠፍቷል፣ ከማን ትጠይቂያለሽ? በቃ ተይው» ይለኛል። እኔ ቤት ስገባ የጓሮው ዝምታ ያስፈራኛል። ድንጋጤዬን ለማንም አልነገርኩም፤ ስቀልድ ነው የዋልኩት። ቀልዴ ግን አልጣፈጠኝም።

ልጄ ናት «እማዬ፣ ነይ ሰው እንጠይቅ» ብላ ይዛኝ የሄደችው። ለድሀ በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡበት አንድ ቢሮ አለ። ጠበቃዋ ቀጭን ናት፣ ድምፅዋ ግን የሰባኪ። ወረቀቶቹን አገላበጠችና አንገቷን ነቀነቀች።

«እማማ፣ በዚህ ወረቀት ባለቤትዎን የገጨው መሬት ነው። መሬትን ደግሞ ማን ይከሳል?»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ገጭቶ ማምለጥ ወንጀል ነው አለችኝ፤ የሚፈልገው ፖሊስ ነው፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ እኛ ብንተወውም መንግሥት አይተወውም። ሰውየው ከተገኘ ካሳ መጠየቅ እንችላለን፣ ከሱም፣ ከመኪናው ባለቤትም፣ መኪናዋ ከገባችበት ኢንሹራንስም።

«ካልተገኘስ?» አልኳት። የኔ ጭንቀት እሱ ነበር።

«ካልተገኘም ባዶ እጅዎን አይቀሩም። ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰው ተብሎ የተቀመጠ ፈንድ አለ፣ ለሕክምናውም ለጉዳቱም። ግን የትራፊክ ፖሊሷ ሪፖርት መኪና ገጭቶት አመለጠ ማለት አለበት፣ የሐኪሙም ወረቀት እንደዚያው። ‹ወደቅኩ› ካሉ በሩ ተዘጋ። ደሞ ‹እስኪድን› ብላችሁ አትቆዩ፤ ቀን ያልፋል።»

ከዚያ ቀጥ ብዬ ሆስፒታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩበት፣ እንዳይዞርብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማነው የገጨህ?»

«ተይኝ እስቲ፣ አንቺ ሴትዮ።»

«መሬት ነው አሉ። አስታርቃችሁ?»

ፈገግ አለ፣ ወዲያው ደበቃት። «ልጅ ነገር መሰለኝ። ደንግጦ ነው። ቆም ብሎ ነበር እኮ፣ ልቡ ሊመለስ ነበር።»

«ልቡ ሊመለስ ነበር፣ መኪናው ግን ይሄኔ ሸጎሌን አልፏል።»

«እዚያው አስፋልቱ ላይ ይቅር ብዬዋለሁ። ይቅር ያልኩትን ሰው ለፖሊስ ልስጥ?»

አያችሁት? ብቻውን ሊጸድቅ ነው! እኔን ባሬላ ገፊ አድርጎ።

«ይቅርታህን ማን ነካብህ? ለሱ ይቅርታውን ስጠው፤ ለኔ ግን እግርህን ስጠኝ። መኪና ገጨኝ ማለት ሰውየውን መጥላት አይደለም። የሆነውን መናገር ነው።»

ዐይኔ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ከሥሩ ቀኝ እግሩ ረገጥ ሲያደርግ አየሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንደሚያደርገው። የግራውን ተራ ጠበቅኩ። አልመጣም። እሱም ጠበቀ መሰለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ፖሊሷን ጥሪያት» አለኝ።

ቃሉን አስተካክሎ ሰጠ። ሐኪሙም መርምሮ፣ ስብራቱ የመውደቅ ብቻ እንዳልሆነ ካርዱ ላይ ጻፈ። ፖሊሷ ግን ሌላም ማስረጃ ያስፈልገኛል ብላ ሰፈር መጣች።

«ያ ልቃቂት አለ?»

አለ እንጂ! ነክቼው አላውቅም። አስፋልቱ ላይ፣ ባሌ የወደቀበት ቦታ ቆመን መተርተር ጀመርን። እኔ የዋዛ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልቃቂቱ ሁሉን ይዞታል። የመጀመሪያው ቋጠሮ ሲመጣ «ይቺ የማናት?» አለች።

«የኔ ናት» አልኩ፣ «እዚህ በሬ ላይ ነው የቋጠርኳት።»

ቀጣዩ ሲመጣ ጎረቤቴ ዘላ ያዘችው። ሦስተኛውን ማንም ሳይጠየቅ ሁላችን ባለ ሱቋን አየን፤ የስኳር ፌስታል እንደምትቋጥረው አድርጋ ነው የቋጠረችው፣ በጥርስ እንኳ አይፈታም።

«ምን ታዩኛላችሁ? እንዳይፈታ ብዬ ነው!» አለች።

ክሩን እየዘረጋን፣ በየቋጠሮው በየበሩ እየቆምን፣ ፖሊሷ እየሳለች እየለካች ጎሚስታ ቤቱ ደረስን። መጨረሻው ክንድ የሚያህለው ክር በጥቁር የሞተር ዘይት ተለውሷል።

ጎማ ሠሪው እጁን ጠራርጎ «ነጭ መኪና ናት» አለ። «ክሩን እየጎተተች መጥታ፣ እዚህ ተበጠሰባትና ወደ አዲሱ ገበያ ወጣች። ታርጋዋን ግን አላየሁም።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ክሩን አምጣ አላችሁኝ እንጂ ማን ጠየቀኝ፣ እማማ?»

መኪናዋ እስከዛሬ አልተገኘችም። ሪፖርቱ ግን አምስት ምስክርና አንድ ልቃቂት ይዞ «ገጭቶ ያመለጠ» የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላማ ምልልሱን አታንሱት! ማኅተም፣ ፎቶ ኮፒ፣ ነገ ተመለሱ። ኋላ ግን ፈንዱ ተቀበለንና ብረቱ ገባለት። ፖሊሷ ዘይት የነካውን ክር ለማስረጃ ቆርጣ አስቀርታ ሌላውን መለሰችልኝ። ባሌ ስለ ገጪው አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም፣ ስለዚያች ክንድ የምታህል ክር ግን ሁለቴ ጠይቋታል።

የሰርጉን ቀሚስ ሌላ ሸማኔ ጨረሰው። «ጥለቱ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ጠማማ» አልኩት። ውሸቴን ነው። ደስ አለው።

ባለፈው ሰሞን ጉድጓዱ ጋ ደግፌ ወሰድኩትና ቀስ ብዬ አወረድኩት። እኔ እየረገምኩ፣ እሱ እየሳቀ። ገና ወጥ ቤት ሳልደርስ ሰማሁት። ጠቅ... ጠቅ። ጠቅ... ጠቅ። ግራው ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ግን ይመጣል።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ እንዳይሰበርብኝ። «ሸማህም እንዳንተ ሊያነክስ ነው እንዴ?»

እጁ ቆመ። እግሩ አልቆመም።